አርባ ቀን ወንዝ አትሻገሩ

እኔ ድኛለሁ። ባቴ ላይ አራት ትናንሽ ጠባሳዎች ቀርተዋል፤ ሱሪዬን ካልሰበሰብኩ በቀር የሚያያቸው የለም። ኩላሊቴም ባለፈው ስመረመር ደህና ነው ተብያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚቀጥለውን የሚያነብ ሰው ለእኔ እንዳያዝን ብዬ ነው። ማዘን ያለበት ለማን እንደሆነ ሲያነብ ይደርስበታል።

ዳኛቸው እባላለሁ፤ የበቆጂ ሰው ነኝ። አሮጌ ላንድክሩዘር አለችኝ፤ በእሷ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የሚመጡ እንግዶችን ወደ ጋላማ ተራራ አወጣለሁ። መኪና የማይደርስበት ቦታ ላይ ስንደርስ ገመቹ ፈረሶቹን ኮርቻ ጭኖ ይጠብቀናል። ገመቹ እዚያው ተራራው ሥር ገብስ የሚያርስ፣ ትርፍ ጊዜውን ፈረስ የሚያከራይ የእኔው እኩያ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ጴንጤ፤ በጾም ወራት ሽሮዬን እያየ ያሾፍብኛል፣ እኔ ደግሞ ፈረስ እየሳበ የሚዘምረውን መዝሙር አጣምሜ እዘምርለታለሁ። ሌላ ጠብ አልነበረንም።

እንግዶች መንገድ ላይ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። “አውሬ አለ ወይ?” ይላሉ። እኔም የለመድኳትን ንግግር እጀምራለሁ። ጅብ አለ፣ ግን ድንኳን ውስጥ ሥጋ ካላስቀመጣችሁ አይደርስባችሁም። ነብር አለ፣ እናንተ ሳታዩት እሱ ያያችኋል። ወደ ዴራ ቆላ ከወረዳችሁ እባብ ስላለ ድንጋይ በእጃችሁ አታገላብጡ። ከዚያም ዝቅ ብላችሁ አዋሽ ዳር ከደረሳችሁ አዞና ጉማሬ ስላለ ውሃው ጠርዝ ላይ አትቀመጡ። ነብሩ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። አንዳንዱ የመኪናውን መስኮት ይዘጋል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ያችን ንግግር ስንት ዓመት ስናገራት ስለ ቀበሮ አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም። ቀበሮ ለእኛ ጠቦት የሚሰርቅ፣ ሰው ሲያይ የሚፈረጥጥ ነገር ነው።

ገብስ መታጨድ የጀመረበት ሰሞን ነበር። ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ መጥተው ተራራውን አይተው፣ ከፈረስ ወርደው መኪናው አጠገብ ምሳ ሊበሉ ሲሰናዱ አንድ ቀበሮ በመንገዱ መጣ። እንግዶች የሚጓጉለት ቀይ ቀበሮ እንኳ አልነበረም፤ ግራጫው፣ ተራው ነው። ፀሐይ መሀል አናት ላይ ሆና፣ ሳይሸሸግ፣ ሳይቸኩል፣ የመንገዱን መሀል ይዞ ይመጣል። አገጩ እርጥብ ነበር።

“ሰው የለመደ ነው” አልኳቸው። “ፎቶ አንሱት።”

አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት በዚያ ተራራ የተመላለስኩ ሰው፣ አውሬ ሰውን በቀን ብርሃን የማይፈራው መቼ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ይባስ ብዬ ቁጢጥ ብዬ ጣቴን እያጮህኩ ጠራሁት። በሴትየዋ አጠገብ አልፎ፣ እኔ ልነሳ ስል ባቴን ነከሰኝ። ነክሶ አልለቀቀም። ገመቹ በዱላ ጀርባውን ሲመታው ለቀቀኝና ዞሮ እሱን ግራ እጁ ላይ፣ አውራ ጣቱ ሥር ያዘው። ሁለተኛ ሲመታው ተወን። ሮጦ አልሸሸም፤ በመጣበት አካሄድ መንገዱን ቀጠለ።

የእኔ ደም ካልሲዬን አርሶታል። የገመቹ መርፌ የወጋው ይመስላል፤ ጠብ ያለች ደም ነበረች፣ በአፉ መጠጣትና ተፋት። ሴትየዋ ግን ፊቷ ተለዋውጧል። “ሳሙና የለም? በሳሙናና በውሃ ብዙ ደቂቃ እጠቡት፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ጤነኛ አውሬ እንዲህ አያደርግም” አለች። ራሷ የውሃ ኮዳ ከፍታ ልታጥበኝ ጎንበስ አለች።

“አይስጉ እመቤቴ፣ የዚህ መድኃኒት እኛው ቤት አለ” አልኳት፤ እግሬንም ሰበሰብኩ።

ውሸት አልነበረም። የእኛ ቤተሰብ በበቆጂ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ቅድመ አያቴ ከሸዋ ሲመጡ ይዘውት የመጡት፣ ለእብድ ውሻ የሚጠጣ ቅጠል አለ፤ ቅጠሉን የሚያውቀው በየትውልዱ አንድ ሰው፣ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። አሁን የሚያውቁት አጎቴ ጋሼ መኩሪያ ናቸው። ከሲሬም ከዴራም ሰው ተነክሶ እሳቸው ደጅ ይመጣል። ዋጋ አይቀበሉም። እኔ ልጅ ሆኜ ከዚያ ደጅ ላይ ስንት ሰው አመስግኖ ሲሄድ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ሌላው በሀብት እንደሚኮራው እኔ በዚያ ቅጠል እኮራ ነበር።

እንግዶቹን ሸኝተን ስንቀር ገመቹ እጁን እያየ ቆመ። “ዳኜ፣ እኔ አሰላ ብንሄድ ነው ደስ የሚለኝ። ሴትየዋ የምታውቅ ትመስላለች” አለኝ።

“አሰላ ሄደህ ሙሉ ቀን ወረፋ ልትጠብቅ ነው? ጋሼ መኩሪያ እያሉ?”

“እኛ ጌታን የተቀበልን ሰዎች ነን፤ እንዲህ ያለ ነገር…”

“ቅጠል ነው እኮ። ጥንቆላ መሰለህ? ጎመንም ቅጠል ነው።”

ሳቀና “አንተ ካልክ እሺ” አለኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳለኝ አልቆጠርኩም፤ ይቺን ግን አልረሳትም።

በማግሥቱ ማለዳ ጋሼ መኩሪያ ጓሮ ተገኘን። መድኃኒቱ የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ተወቅጦ በወተት ይበጠበጣል፤ ከጠጡት በኋላ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣልም። ሲበቃ እሳቸው ማርከሻ ይሰጣሉ፤ ማርከሻ ማለት መድኃኒቱን የሚያበርድ ነገር ነው፣ የእሳቸው ከኑግ የሚሠራ ነው። ከዚያ ሕጉን ይናገራሉ። መጠጣታችሁን ለማንም አታውሩ፤ ሌላ መድኃኒት አትደርቡበት፤ አርባ ቀን ወንዝ አትሻገሩ፤ ከተሻገራችሁ ይፈርሳል።

ከበቆጂ አሰላ ሲኬድ ድልድይ ያለው ወንዝ አለ። ክትባቱ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ያንን ሕግ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው፣ ሰውን ከሐኪም የሚለይ ሕግ መሆኑ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ቅድመ አያቴ ሕጉን ሲያወጡ ክትባት የሚባል ነገር አላዩም፤ እሳቸውን አልወቅስም። እኔ ግን በየሳምንቱ በዚያ ድልድይ የምነዳ ሰው ነበርኩ።

ገመቹ ሁለት ጊዜ አስመለሰውና ማርከሻውን ጠጥቶ ከቀትር በፊት በፈረሱ ወደ ቤቱ ሄደ። የእኔ አልቆመም። ማርከሻው ሁለቴ ተሰጠኝ፤ ሁለቴም ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ጠቆረ፣ ከዚያ ጭራሽ አነሰ። ባለቤቴ ዘነበች እዚያው ከተማ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። የጠየቀኝ ባለሙያ ስንት ቀን ሆነህ አለኝ፣ ምን በላህ አለኝ፤ ስለ ንክሻውም ስለ ጠጣሁትም አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ዘነበች አፏን ስትከፍት በዓይኔ አስቆምኳት። ደሜን መረመሩና ታይፎይድ ነው አሉኝ። ባለሙያው ላይ አልፈርድም፤ የደበቅኩትን በምን ያውቃል? እንክብሉን ስወስድ ባሰብኝ። ፊቴ አበጠ፤ ቀለበቴ ከጣቴ አልወጣ አለ።

በአምስተኛው ቀን ዘነበች ወንድሟን ጠርታ በገዛ መኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ አስተኙኝ። “ወንዙን አታሻግሩኝ” ብዬ ለመንኳቸው። ጋሼ መኩሪያም ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር።

“ልታፈርሱት ነው” አሉ።

ዘነበች ለእሳቸው ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም። ያን ዕለት ግን “ጋሼ፣ ይፍረዱና ባሌን ይተዉልኝ፤ ሊሞትብኝ ነው። የፈረሰውን እኔ እጠየቅበታለሁ” አለቻቸውና በሩን ዘጋች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ።

የሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ሙሉ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ስቆም እግሩ በጀሶ የታሸገ አንድ ጎልማሳ ከአግዳሚው ተነስቶ ቦታውን ሰጠኝ፤ ክራንቹን ተደግፎ አንድ ሰዓት ያህል ቆመ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ከወዲያ የተቀመጠች እናት የልጇን ፎጣ አጥፋ ራሴ ሥር አደረገችልኝ። እንዲህ ያለውን ደግነት ያገኘሁት ለሌላ ሰው ደግነት በጎደለኝ ቀን መሆኑን ሳስብ ይቆጨኛል።

ልብሴን ያስወለቀችኝ ሲስተር በዕድሜ ከእኔ ከፍ ትላለች፤ ነገሯ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ነው። ባቴ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አየች።

“ይሄ ምንድን ነው?”

ጨርቁን በእጄ ሸፈንኩት። ዘነበች ቀበሮውንም፣ ቅጠሉንም፣ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ገመቹ ግን ዘነበችም አታውቅም ነበር፤ ጭረቷ ትንሽ ስለነበረች አልነገርኳትም፣ ጓሮም አብሮኝ መጠጣቱን በሕጉ መሠረት አላወራሁም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ረጋ ብላ አስረዳችኝ። “ኩላሊትዎን የጎዳው የጠጡት ነገር ነው፤ ፈሳሽ ስንሰጥዎ ይመለሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ንክሻው ሌላ ጉዳይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በደም አይደለም የሚሄደው፤ በነርቭ መስመር፣ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል። ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል፤ ወራትም። ክትባቱ ቀድሞት ከደረሰ ይድናሉ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን እኛ ጋም ሌላ ቦታም መድኃኒት የለም። ውሻ ብቻ አይደለም፤ ቀበሮም ድመትም ያስተላልፋል።” ከዚያ ሲስተሯ ቁስሌን በሳሙና ለረጅም ጊዜ አጠበችው፤ በቁስሉ ዙሪያም በክንዴም መርፌ ወጋችኝ። ዘነበች የታዘዘውን ልትገዛ ወጥታለች።

ሲስተሯ መዝገቡን እየሞላች “ሌላ የተነከሰ ሰው አለ?” አለችኝ።

“የለም” አልኳት።

ይህችን አንዲት ቃል ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ለራሴ ስነግረው አንዳንዴ ታምሜ ነበር እላለሁ፤ እውነት ነው፣ ታምሜ ነበር። ግን አእምሮዬ ደህና ነበር። ገመቹን ከጠሩት ጓሮው ይነሳል፣ ጓሮው ከተነሳ የጋሼ መኩሪያ ስም ይነሳል፤ በበቆጂም “የእነ ዳኛቸው መድኃኒት የገዛ ልጃቸውን ሊገድል ነበር” ይባላል ብዬ ፈራሁ። ሌላም አለ። እኔ ሆዴ አልቻለውም እንጂ ገመቹ በደንብ ጠጥቶታል፤ እሱ ከዳነ መድኃኒታችን ይሠራል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በጓደኛዬ ሕይወት የቤተሰቤን ስም ልፈትን ቁጭ አልኩ ማለት ነው። ያን ጊዜ በዚህ ቃል አላሰብኩትም፤ ነገሩ ግን ይኸው ነበር።

ሆስፒታል በተኛሁ በሦስተኛው ቀን ገመቹ ራሱ ደወለልኝ። ፈሳሹ ክንዴ ላይ ተሰክቶ በሌላው እጄ አነሳሁት።

“ዳኜ፣ አሰላ ወሰዱህ አሉኝ። ወንዝ ተሻገርክ እንዴ?”

“ተሻገርኩ፤ ምን ላድርግ፣ ኩላሊቴ ነው።”

“ጌታ ይማርህ፤ በቤተ ክርስቲያን እየጸለይንልህ ነው። እኔስ? ልምጣ እንዴ? ጫልቱ ሂድ እያለችኝ ነው።”

ጫልቱ ሚስቱ ናት። ሲስተሯ ከአልጋዬ አራት እርምጃ ርቃ መድኃኒት ትቀምማለች። ስልኩን እሰጣታለሁ ብል ይበቃ ነበር።

“አንተ ጋ ያለችው ጭረት ናት” አልኩት። “አርባህን ጨርስ።”

“አንተ ካልክ” አለኝ።

አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ሽንቴ ሲመለስ ዘነበች አለቀሰች፤ ሲስተሯም ልጅ የተወለደ ይመስል ለጓደኞቿ ተናገረች። የቀሩትን መርፌዎች በቀጠሮ እየተመላለስኩ ተወጋሁ፤ ለበቆጂ ሰው ለኩላሊት ምርመራ ነው የምሄደው እላለሁ። ማታ ማታ ግን ጋደም ስል ያ ነገር በባቴ ውስጥ ወደ ላይ ሲሄድ የሚሰማኝ ይመስለኛል። እግሬን እደባብሳለሁ፣ ውሃ እየጠጣሁ ጉሮሮዬን እፈትናለሁ፤ ይወርድልኛል፤ እተኛለሁ። የሚገርመኝ፣ ለራሴ ይህን ያህል እየፈራሁ፣ ስለ ገመቹ ሳስብ ልቤ ቶሎ ማለፉ ነው።

አንድ ቀን በሶ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ከእሱ ቤት እኔ ቤት ወንዝ የለም። አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ ሽሯል፣ ምልክቱም አይታይም። ጋሼ መኩሪያንም አመስግኖ መምጣቱን ነገረኝ። ከስቼ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያን ቀን ገና ሃያ አምስተኛ ቀናችን ነበር። “ተነስ፣ መኪናው ደጅ ነው፣ እንሂድ” ብዬው ቢሆን ኖሮ ጊዜ ነበረው። ምናልባት ይድን ነበር፤ በኋላ ስጠይቃት ሐኪሟም ምናልባት ነው ያለችው። እኔ ግን በሶውን በጥብጠን ጠጣን፣ ስለ ፈረሶቹ አወራን፣ ሸኘሁት።

ጫልቱ የደወለችልኝ አርባው ካለፈ ሳምንት ሳይሞላ ነው። “ዳኛቸው፣ ገመቹ ውሃ እምቢ አለው። ና” አለችኝ።

ስደርስ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ግራ እጁን ታቅፏል። ይበላኛል፣ ይነዝረኛል፣ እስከ ትከሻዬ ድረስ ይሄዳል አለኝ። ጫልቱ በጣሳ ውሃ ስታቀርብለት፣ ገና ከንፈሩ ሳይደርስ አንገቱ ተኮማተረና ጣሳውን ገፋው። ይቅርታም ጠየቃት። “ብርድ ነው፤ ጉሮሮዬን ነው የያዘኝ” አለ። እኔ ግን የሐኪሟን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መኪና ውስጥ መስኮቱን አስዘጋኝ፤ ንፋሱ ፊቱን ሲነካው ይሰቀጥጠዋል። ጫልቱ ከኋላ ይዛዋለች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

“ንዳ እንጂ፤ አርባዬን ጨርሻለሁ፣ አሁን መሻገር ይቻላል” አለኝ።

የተቀበለችን ያችው ሲስተር ነበረች። መጀመሪያ እሱን አየችው፤ ከዚያ እኔን። አወቀችኝ።

“መቼ ነው የተነከሰው?”

“ከእኔ ጋር” አልኩ።

ጻፈችው፤ ስትጽፍ ግን ብዕሯን ሁለት ጊዜ አቆመች። ጸጥ ያለና ብርሃን የማይበዛበት ክፍል አስገቡት፤ ሐኪሟ ስቃዩን የሚቀንስ ነገር እንደሚሰጡት፣ ከዚያ በላይ እንደማይችሉ ለጫልቱ በኦሮምኛ ነገረቻት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈ። ስለነዚያ ቀናት ሌላ አልጽፍም፤ የእሱ ናቸው።

ከቀብሩ በኋላ ጋሼ መኩሪያ ጋ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዜናው የበለጠ አስጎንብሷቸዋል።

“ስንቱን አድነናል እኮ፣ ልጄ” አሉኝ።

“ጋሼ፣ እርስዎ ጋ የመጣውን ሁሉ የነከሰው ያበደ ውሻ ነበር?”

አሰቡ። “ውሻው በኋላ ምን እንደሆነ ማን ይከታተላል?” አሉኝ።

ነገሩ ያ ነው። ጤነኛ ውሻ የነከሰው ሰው ቅጠሉን ቢጠጣም ባይጠጣም አይሞትም፤ አመስግኖ ይሄዳል፣ እኛም እንኮራለን። ያበደው የነከሰው ሰው አገሩ ገብቶ ሲሞት ደግሞ ወሬው እኛ ጋ አይደርስም፤ ከደረሰም ወንዝ ተሻግሮ ይሆናል እንላለን። ይህን ለእሳቸው ለማስረዳት ረጅም ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ “እንግዲያው ይብቃ” አሉ። ተነክሶ የሚመጣውን አሁን እኔ ጋ ይልኩታል፤ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጥቤ፣ ቅጠል ሳላቀምሰው፣ አሰላ አደርሰዋለሁ። የነከሰው ውሻም ይሁን ቀበሮ፣ ቁስሉ ትልቅም ይሁን የማይታይ ጭረት፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የጠጣችሁት ነገር ካለ ለሐኪሙ ተናገሩ። ከእናንተ ጋር የተነከሰ ካለ ስሙን ጥሩ።

ጫልቱም መርፌ ታዘዘላት፤ በታመመበት ሰሞን ስታጥበውና ምራቁን ስትጠርግ ነበርና። በየቀጠሮዋ እኔ በመኪናዬ አመላልሳት ነበር። “የለም” ማለቴን አታውቅም። ስልኩን አታውቅም። በየጉዞው ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ድልድዩን እናልፋለን።

በመጨረሻው ቀጠሮዋ ቀን መርፌ ክፍሉ በር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራዋን ስንጠብቅ ነገርኳት። መሬቱን እያየሁ ነው የነገርኳት። ሲስተሯ ጠይቃኝ የለም ማለቴን፣ እኔ እዚሁ በር ላይ እየተሰለፍኩ እየተወጋሁ እሱን አርባህን ጨርስ ማለቴን፣ ለኩላሊት ነው እያልኩ መዋሸቴን ነገርኳት። ጨርሼ እስክትሰድበኝ ጠበቅኩ።

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

“መወጋትህን እናውቅ ነበር” አለችኝ። “ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት እዚህ ሰልፍ ላይ አይታሃለች። ውሻ የነከሰው ሰው የሚሰለፍበት ነው ብላ ነገረችን። እኔ ለገመቹ፣ ይኸው ዳኛቸው እየተወጋ ነው፣ ተነስ አንተም ሂድ አልኩት። ለመንኩት።”

“ምን አለሽ?”

“ተቆጣኝ። ‘ለእኔ የሚያስፈልግ ቢሆን ዳኜ ይነግረኝ ነበር’ አለኝ።”

ስሟ ተጠራ። ተነሳች፤ ቦርሳዋን እንድይዝላት ሰጠችኝና ገባች።